ሽማግሌ አይነሳም

"ታዲያ ሰው ፊት ብድግ ብዬ፣ ሽንቴ መጣ ልበል?"

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አባዬ ነው። ሳሎን ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ ያበጡ እግሮቹን በርጩማ ላይ ሰቅሎ። እኔ ደግሞ የሽንት ቤቱን ባልዲ ይዤ ፊቱ ቆሜያለሁ። ባልዲው እስከ አፉ ውሃ ሙሉ ነበር፤ የተጣላነውም በሱ ነው።

መልስ አጣሁ። እኔ ደግሞ መልስ የማጣ ሰው አይደለሁም። እቤታችን ውስጥ "ምላስሽን እስቲ ትንሽ አሳርፊው" የሚባለው ለኔ ነው። ያን ቀን ግን አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ባልዲውን ይዤ ወደመጣሁበት ተመለስኩ።

ባልዲው ምን እንዳደረገ ላስረዳ። የምንኖረው ጎሮ ነው፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በፈረቃውም ቀን አራተኛ ፎቅ ድረስ ለመውጣት ጉልበት ያንሰዋል። ስለዚህ በረንዳ ላይ ትልቅ በርሜል አለን፣ ከበርሜሉ በባልዲ እየተቀዳ ሽንት ቤት ይቀመጣል፣ የተጠቀመ ሰው በጆግ ይደፋል። ባልዲውን የምሞላው እኔ ነኝ። ተመርቄ ሥራ ስላላገኘሁ የቤቱ ቀላል ሥራ ሁሉ ወደኔ ይንከባለላል። የተመረቅኩት ደግሞ በውሃ ምህንድስና ነው፤ ባልዲ ይዤ ባለፍኩ ቁጥር እህቴ "ፕሮጀክቱ እንዴት ነው?" ትለኛለች።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት፣ የአባዬ ጫማ እምቢ ሲል ነው። ጥቁር የቆዳ ጫማ አለው፣ ለሽምግልና ብቻ የሚያደርገው። አንድ እሁድ እግሩን ቢለው ቢለው አልገባም አለ። "ቆዳው ጠቦ ነው" አለ። እማዬ "ቆዳው ሳይሆን እግርህ ነው" አለችው። ካልሲውን ሲያወልቅ ላስቲኩ የነበረበት ቦታ ዙሪያውን ቦይ ሠርቷል። ደረጃ ሲወጣም ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በየፎቁ ይቆም ነበር፤ ከጎረቤት ጋር ሰላም ለመባባል የሚቆም ነበር የሚመስለን።

ቦሌ አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ከኔ ብዙም አትበልጥም። በአውራ ጣቷ ቅልጥሙን ጫን አድርጋ ለቀቀችው። ጣቷ ሊጥ ላይ ያረፈ ይመስል ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። አባዬ የራሱን እግር እንደ ሰው እግር ነው ያየው።

"ግፊትዎ ከፍ ብሏል አባባ" አለችው። "ሰውነትዎ ደግሞ ውሃውን ማስወጣት ትቶ ማጠራቀም ጀምሯል። ልብዎ ላይ ጫና ነው።"

ሁለት ዓይነት ክኒን አዘዘች። አንዱ የግፊት ነው፤ ሁለተኛው ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ ነው። "ይሄኛው ጠዋት ጠዋት ይዋጣል" አለች። "ከተዋጠ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ያመላልስዎታል፣ እንዳይደነግጡ። ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። ጨው ይቀንሱ። እና በራስዎ ጊዜ እንዳያቋርጡ።"

"እሺ ልጄ" አለ አባዬ። እሱ ለሁሉም ሰው እሺ ይላል፤ ሰው ሲያስታርቅ የለመደው ነው።

በመንገድ ላይ እኔ ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ግፊት፣ ስለ መውጫና መግቢያ። አቋረጠኝ። "አንቺ የተማርሽው ስለ ግድብ ነው። እኔ ግድብ አይደለሁም።"

ክኒኑ ግን ሠራ። ቶሎ ነው የሠራው። ጫማው ገባ፣ ደረጃውን አንዴ ብቻ አርፎ መውጣት ጀመረ፣ ፊቱ ላይ የነበረው እብጠት ወርዶ የድሮ ጉንጩ ተመለሰ። ባልዲው ግን ከምሳ በፊት ባዶ ይሆናል። እማዬ ከማድ ቤት ትጮሃለች፦ "ኧረ ይሄ ሰውዬ በርሜሉን ጨረሰው! ፈረቃችን ገና ከነገ ወዲያ ነው!" አባዬ ከሽንት ቤት ውስጥ ሆኖ "ሐኪም ነው ያዘዘኝ!" ይላታል። ያኔ እንስቅ ነበር።

ሳቁ የቆመው ኦሎምፒያ ነው።

እኔ እዚያ ኢንተርቪው ነበረኝ፣ እሱ ደግሞ እዚያው አካባቢ የሚያስታርቃቸው ባልና ሚስት ነበሩት። ስንጨርስ ተገናኝተን ታክሲ ያዝን። ጠዋት ክኒኑን የወሰደው ዘግይቶ ነበር። መንገዱ ተቆፍሮ፣ መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ፣ ታክሲያችን ካለበት ንቅንቅ አልል አለ። ጉልበቱን በእጁ ሲጨብጥ አየሁት። ሁለቴ "ደረስን?" አለኝ፤ የት እንዳለን በመስኮት እያየ። ከዚያ፣ ሰፈራችን ሳንደርስ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ወራጅ አለ!" አለ።

ፊት ለፊታችን ትልቅ ሕንፃ ነበር፣ መስታወት በመስታወት። ጥበቃው በር ላይ እጁን ዘረጋ።

"አባት፣ ወዴት ነው?"

"ሽንት ቤት ፈልጌ ነው ልጄ።"

"ለባለጉዳይ ብቻ ነው አባት።"

እኔ መሀል ገባሁ። "ሽማግሌ ሰው ነው እኮ! መድኃኒት ወስዶ ነው! ጉዳይ ማለት ይሄ ካልሆነ ምንድን ነው?"

"እህቴ፣ ትዕዛዝ ነው። እኔን ከሥራ ልታስወጪኝ ነው?"

መጨቃጨቄን ቀጠልኩ። አባዬ እጅጌዬን ሳበኝ። "ተይ። ተይው ልጅት።" ዞሮ ሄደ፤ በፍጥነት፣ ግን ሩጫ እንዳይመስል ተጠንቅቆ። ከሕንፃው አጠገብ በቆርቆሮ የታጠረ ግንባታ አለ። ከቆርቆሮው ጀርባ ገባ። ሲመለስ ኮቱን አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ በሁለት እጁ ከፊቱ ይዞት ነበር። ብርድ ነበር። ሱሪው ምን እንደሆነ ገባኝ፣ ግን ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስኩ። ታክሲ ውስጥ አልቀመጥም ስላለ የቀረውን መንገድ እያረፍን በእግር ሄድን። ጎሮ እስክንደርስ ኮቱን አልለበሰም።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው ባልዲው ሳይጎድል መዋል የጀመረው።

መጀመሪያ ልብ አላልኩም። ቅዳሜ ልሞላ ስሄድ እንደሞላሁት አገኘሁት። ጥሩ፣ አንድ ሥራ ቀነሰልኝ አልኩ። እሁድም እንደዚያው። ሰኞ ግን ጠዋቱን ሙሉ ሽንት ቤቱን አልለቅ ብሎ፣ ሲወጣ ዓይኑ ጨለመበትና የኮሪደሩን ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እማዬ ጮኸች። ስኳር ያለው ሻይ ሰጠነው። በሚቀጥለው ሳምንትም ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ባልዲ፣ ሰኞ ማዞር። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የሽምግልና ቀኑ ነው። ገባኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ ማታ ባልዲውን እንደሞላ ይዤ ሳሎን ሄድኩ።

"አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ባልዲ።"

"ለምን ሙሉ ሆነ?"

"ሞልተሽው ይሆናላ፣ የኔ መሐንዲስ።"

"አባዬ!"

በርጩማው ላይ የሰቀለውን እግሩን አየ። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ነገረኝ። ሽምግልና ያለ ቀን የሽንቱን ክኒን አይወስድም። በማግስቱ ሁለት ይወስዳል። "ይካካሳል" አለኝ። ይሄንን ያማከረው አብሮት የሚሸመግል ጓደኛውን ነው፤ እሱም ግፊት አለበት፣ እሱም እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

"ጾም መሰለህ እንዴ የሚካካሰው? ሁለት ስትወስድ እኮ ነው ግድግዳ የምትደገፈው! ሳትወስድ ደግሞ እግርህን እየው!"

ያኔ ነው የጠየቀኝ። ሳይቆጣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ታዲያ ሰው ፊት ብድግ ብዬ፣ ሽንቴ መጣ ልበል?"

ለምን መልስ እንዳጣሁ የሚገባው አባዬን የሚያውቅ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ሰው ማስታረቅ ነው። ባልና ሚስት፣ ወንድምና ወንድም፣ በግድግዳ የተጣሉ ጎረቤቶች። የሚታወቀው ደግሞ ባለመነሳቱ ነው። ሰው ይሰዳደባል፣ ይማማላል፣ ተነስቶ ይወጣል፣ ይመለሳል፤ እሱ ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም። "ሽማግሌ ነገሩ ሳያልቅ አይነሳም" ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአባታቸው ቤት ውርስ የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች አንሰማም ሲሉት፣ ምንም ሳይናገር ብድግ ብሎ ኮቱን አነሳ። ሁለቱም እስከ ደረጃው ተከትለው እግሩ ላይ ወደቁ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ውስጥ "እሱ ከተነሳ አበቃ" ይባላል። እንግዲህ ይሄንን ሰው ነው በየግማሽ ሰዓቱ ተነስ የምለው።

በዚህ መሀል የእህቴ ነገር መጣ። ታላቄ ናት፣ ቦሌ አንድ ቢሮ ትሠራለች። ከጓደኛዋ ጋር ብዙ ጊዜ ቆይተዋል፤ እኛ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ አባዬ ደግሞ እንደማያውቅ ሆኖ ያውቀዋል። የልጁ ቤተሰቦች ሽማግሌ እንደሚልኩ ተነገረን። እሁድ፣ ከሰዓት።

አባዬ ያንን ሳምንት ክኒኑን ጭራሽ ተወው። ለምን ስለው "በልጄ ቀን ማዞር እንዳይዘኝ" አለኝ። ከሐሙስ ጀምሮ አልጋ ላይ ጋደም ማለት አቃተው፤ ሲጋደም ያፍነዋል። ሶፋው ላይ ትራስ ደራርቦ ቁጭ እንዳለ ነው የሚያንቀላፋው። ያስለዋል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ሦስተኛው ላይ አየር ይፈልጋል። ስልኬ ላይ ያነበብኩት ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚለው፣ እና ጥሩ አልነበረም።

ማድ ቤት ገብቼ ለእማዬና ለእህቴ ነገርኳቸው። እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

"አውቃለሁ" አለች እማዬ። "እሁድ ይለፍና ሰኞ እንወስደዋለን።"

"ፕሊስ" አለችኝ እህቴ። "አሁን ብትጨቀጭቂው ይናደዳል። ግፊቱ ይጨምራል። እሁድን ብቻ።"

"እሁድ እስኪያልፍ እሱ ቢሞትስ?"

እማዬ ቢላውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። "አፍሽን ዝጊ! እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ቤት አይጠራም!"

እህቴ አለቀሰች። በሽንኩርቱ ነው እንዳትባል እሷ እንጀራ እያጠፈች ነበር። እኔ ይቅርታ አላልኩም። ቅዳሜ ጠዋት ራይድ ጠርቼ፣ "ለጫማህ ሰፋ ያለ ካልሲ እንግዛ" ብዬ ዋሽቼ፣ ከቤት አወጣሁትና ክሊኒኩ በር ላይ አወረድኩት። ሲገባው "አንቺ ሌባ" አለኝ፣ ግን ተመልሶ ለመሄድ ትንፋሽ አልነበረውም።

የዘለለውንም የደረበውንም ለዶክተሯ ነገርኳት። ጀርባውን በማዳመጫዋ አዳመጠች፤ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወንበሯን ወደሱ ሳበች።

"አባባ፣ ውሃው ወደ ሳንባዎ እየሄደ ነው። ዛሬ ሆስፒታል ብልክዎት ደስ ይለኛል።"

"ነገ ሽማግሌ ይመጣብኛል።"

"ምን?"

"ልጄን ሊጠይቁ" አልኩ እኔ። "እህቴን።"

ዶክተሯ እኔንም እሱንም አየችን። እሷም የሀገሯ ልጅ ናት፤ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አላስረዳትም። "እሺ። ዛሬ እዚሁ ፊቴ ይወስዳሉ። ነገም ይወስዳሉ። ሰኞ በጠዋት ሆስፒታል። ዛሬ ማታ ከባሰብዎ ግን ሽማግሌ አልልም፣ በቀጥታ ድንገተኛ። እና ሁለተኛ፣ ሰዓቱን ማሸጋሸግ ይችላሉ፤ መዝለል አይችሉም፣ ደርቦ መውሰድም አይችሉም። ክኒኑን ከተዉት ስንተኛ ቀንዎ ነው?"

አባዬ ወለሉን አየ።

"ቃልዎን ይስጡኝ" አለችው።

"ቃሌ ነው" አለ። አሁን ይሄ እሺ ከሚለው የተለየ ነው። አባዬ ቃሌ ነው ካለ ነው። ዶክተሯ ይሄንን ከየት እንዳወቀች አላውቅም።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት ባልዲ ስሞላ ዋልኩ። በሕይወቴ ባልዲ መሙላት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ማታ ትራሱን አንድ ቀንሶ ተኛ። በማግስቱ እሁድ፣ ገና ሳይነጋ፣ ቀስ ብሎ ሲለብስ ሰማሁት። ቅዳሴ ሊሄድ ነው።

"ክኒኑ?"

"ከቅዳሴ በፊት ውሃ እንኳን አልቀምስም። አትጀምሪኝ።"

"ንስሐ አባትህ የታመመ ይችላል አላሉህም?"

"ስመለስ እወስዳለሁ። ቃሌን ሰጥቻለሁ።"

ሲመለስ ደክሞት ነበር፤ ደረጃውን ለመውጣት በየፎቁ ቆመ። ልብሰ ተክህኖ እንደለበሰ ሰው ነጠላውን አጥብቆ ይዞ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ክኒኑንና ውሃውን ይዤ ፊቱ ቆምኩ።

"ከሽማግሌዎቹ በኋላ ልውሰደው" አለኝ። "ማታ ሰላም ይሆናል።"

"ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚመጡት። አሁን ብትወስድ እስከዚያ ያልቅልሃል።"

"ልጅት።"

"አሁን።"

ወሰደው። ብርጭቆውን ሲመልስልኝ የአጎቴ ስልክ ጮኸ። አጎቴ የእማዬ ወንድም ነው፤ በኛ በኩል ከአባዬ ጋር ሊቀመጥ ከጠዋት ጀምሮ መጥቷል። "እሺ... እሺ... ኧረ ችግር የለም" አለ፣ ፊቱ ግን ችግር አለ ይላል። ስልኩን ዘጋ።

"ከሰዓት የመንግሥት እንግዳ ስላለ የቦሌ መንገድ ይዘጋል ተብሏል። ቀድመን እንድረስ ብለው ተነስተዋል። ጎሮ ገብተዋል።"

ሁሉም እኔን አዩኝ። ባዶው ብርጭቆ እጄ ላይ ነው።

"ምን አደረግሽ?" አለችኝ እህቴ፣ ፀጉሯ ገና በካስክ ያልደረቀ።

አባዬ ሽንት ቤት ገብቶ ወጣ፣ ሸሚዙን ቀየረ፣ ጫማውን አመጣልኝ። በርከክ ብዬ አደረግኩለት። ገባ፣ በግድ። ማሰሪያውን ላላ አድርጌ አሰርኩት። ጭንቅላቴን በእጁ ነካ አድርጎ ወደ ሳሎን ሄደ።

አራት ሽማግሌዎች ናቸው። እንደ ደንቡ ገብተው ቆሙ። ቁጭ በሉ ሲባሉ "ጉዳያችንን ሳትሰሙን አንቀመጥም" አሉ። አባዬም እንደ ደንቡ "ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ቁጭ ብላችሁ ንገሩን" አለ። ተቀመጡ። እኔ ከእማዬና ከእህቴ ጋር መኝታ ቤት መሆን ነበረብኝ። ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። ከዚያ ሆኜ አባዬን በጎን አየዋለሁ። የሽንት ቤቱ በር አጠገቤ ነው። የኮንዶሚኒየም ሽንት ቤት ያው ነው፤ ሳሎን የተቀመጠ ሰው የጆጉን ድምፅ ሳይቀር ይሰማል። ባልዲውን ቀድሜ እስከ አፉ ሞልቼዋለሁ።

ትልቁ ሽማግሌ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው መናገር ጀመሩ። ንግግራቸው ያምራል፣ ግን ቀርፋፋ ነው። ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። ስለ ልጁ ጠባይ አሉ። ከዚያ ዝምድና እንዳይኖር እስከ ሰባት ቤት እንቁጠር አሉና ከልጁ አባት ጀመሩ። አባቱ፣ የአባቱ አባት፣ የት እንደተወለደ፣ የማን ዘመድ እንደሆነ። በሦስተኛው አያት ላይ የአባዬ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ።

መጀመሪያ እጁን ጫነበት። ከዚያ ወደፊት ጎንበስ አለ፣ የሚያዳምጥ ሰው መስሎ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። በመሀረብ ጠረገው። አጎቴ በዓይኑ ጠየቀው፤ አባዬ ራሱን ነቀነቀ። ትንፋሹ አጠረ። እኔ ከኮሪደሩ ሆኜ ሰባት ቤት የሚባለውን ነገር ያመጣውን ሰው እረግም ነበር።

በአራተኛው አያት ላይ እጁን በሶፋው ክንድ ተደግፎ ከመቀመጫው ከፍ አለ።

ሽማግሌው አያቱን ሳይጨርሱ አፋቸውን ዘጉ። "ምነው ወንድማችን? ያስቀየምንዎ ነገር አለ?"

"የለም። የለም፣ ይቀጥሉ" አለና ተቀመጠ።

ቀጠሉ፣ ግን ድምፃቸው ተቀይሯል። አንዱ ለሌላው ሹክ ሲል አየሁ። አባዬ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ "ተናገር፣ በቃ ተናገር፣ አንዲት ቃል ናት" እላለሁ በሆዴ። አይናገርም። ዓይኑን ሲከፍት ወደ ኮሪደሩ አየ፣ ወደ ሽንት ቤቱ በር፣ ከዚያ ወደኔ። እንደገና ብድግ አለ። አሁን ሙሉ በሙሉ ቆመ። እና እዚያው ደረቀ፤ አይሄድም፣ አይቀመጥም፣ አይናገርም።

ከአራቱ በዕድሜ የሚያንሱት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ ስለ እርስዎ ሰምተናል። እርስዎ ከተነሱ ነገሩ አበቃ ነው ይባላል። እምቢ ከሆነ እዚሁ ይንገሩን። በክብር መጥተናል፣ በክብር እንመለሳለን።"

ትልቁ ሽማግሌ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ። ሌሎቹም ነጠላቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። መኝታ ቤት ውስጥ እህቴ "እመቤቴ ድረሺ" ስትል ሰማሁ። እማዬ በበሩ ወጥታ ክንዴን ያዘችኝ። "እንዳትገቢ! ሴት ልጅ ሽማግሌ መሀል አትገባም! አንቺ!"

አባዬን አየሁት። ሁለት እጁ ከፊቱ ተጣምሯል፣ ያኔ ኮቱን ይዞበት እንደነበረው። ያ ቀን ዛሬ እዚህ ከተደገመ፣ በእህቴ ሽማግሌዎች ፊት፣ ያንን ክኒን ሁለተኛ በእጁ እንደማይነካ አውቃለሁ። ቃሉን ለዶክተሯ ሰጥቶም አይነካውም። ይሄንን እማዬም ታውቃለች፤ ለዚያ ነው መሰለኝ እጇ ላላ ያለው።

ገባሁ።

"አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ቁጭ በሉ። አባዬ እምቢ አላለም።"

"ልጄ፣ አንቺ ደግሞ..."

"ልባቸውን አሟቸዋል... ልቡን አሞታል ማለቴ ነው። ሰውነቱ ውሃ ይይዛል። ካልወጣለት ያፍነዋል። አሁን እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት የሽንት ክኒን ወስዶ ነው፤ ያስዋጥኩት እኔ ነኝ። እናንተን አክብሮ ነው የታገሠው። ተመልሶ ሰባቱንም አያት ይሰማችኋል።"

ትልቁ ሽማግሌ ከዘራቸውን ቀስ ብለው ወደ ጉልበታቸው መለሱ። አባዬ ግን ገና እንደቆመ ነው፣ እኔን ያያል። ያንን ቀን ባልዲ ይዤ ፊቱ ስቆም ያየኝ ዓይን ነው፤ ጥያቄውም ያው ነው፣ አልተለወጠም። ዛሬ አፌን አልዘጋሁም።

"አዎ፣ አባዬ" አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። "ሰው ፊት ብድግ በልና፣ ሽንቴ መጣ በል።"